ቀዩ መብራት እስኪጠፋ

አንድ መብራት እንዳይጠፋ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ መብራት ናት፤ እኔው ገዝቼ፣ እኔው የገጠምኳት። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ከጀመረ ትጠፋለች፤ ካልሞላ በርታ ትቀራለች። ኤሌትሪሽያን ነኝና የምትጠፋበትን ቀን ማፍጠን ነበረብኝ። ችግሩ፣ መብራቷ የጠፋች ዕለት ቃለአብ ትራክተሩን ነድቶ ከፒያሳ ይወጣል።

ሕብረት እባላለሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለች ሱቃችን ከአባቴ ከእንዳለ ጋር የመኪና ኤሌክትሪክ እንሠራለን። "ሴት ኤሌትሪሽያን?" ብሎ ያልደነገጠ ደንበኛ አይቼ አላውቅም ነበር። ቃለአብ ግን በሩ ላይ ቆሞ "ትራክተር ትሠሪያለሽ?" አለኝ።

"እዚህ ፒያሳ ምን የሚያርስ ትራክተር አለህ? አስፋልት ነው የምታርሰው?"

ሳቀ። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ከቀኙ ቀድሞ ይጠባል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማስተዋል አልነበረብኝም፤ አስተዋልኩ።

ትራክተሩ ከአራዳ ጊዮርጊስ ጀርባ፣ በጠባብ ቅያስ መጨረሻ፣ እነ ቃለአብ ግቢ የኮክ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ቀይ ማሲ ፈርጉሰን ነው። አባቱ ጋሽ ኃይለማርያም በወጣትነታቸው በቾ ላይ አርሰውበታል፤ መሬቱ በአዋጅ ሲወረስ ትራክተሩን ብቻ ይዘው ፒያሳ ገቡ። እስኪሞቱ ድረስ እሑድ እሑድ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር አሉ። አሁን ሰፈሩ ሊነሳ ነው። ለእናትና ልጅ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ ትራክተር ደግሞ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ቅያሱ ጫኝ መኪና ስለማያስገባ በራሱ ሞተር ተነድቶ መውጣት አለበት። ቃለአብ የባንክ ሥራውን ለቆ በቾ ካለው አጎቱ ጋር ሊያርስበት ቆርጧል። ሞተሩን መካኒክ ጨርሶታል። ግቢውን የሚያስረክቡበት ቅዳሜ ሳይደርስ መሠራት ያለበት ኤሌክትሪኩ ብቻ ነበር።

ሥራውን ስንቀበል አባዬ ጠራኝ። አባዬ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ቃል ሲወጣው ተመዝኖ ነው። "የጊዮርጊስ ሰዎች ናቸው፣ ጥሩ ሰዎች" አለኝ። "ሥራውን ሥሪ። ልብሽን ግን ከመሣሪያ ሳጥኑ ጋር ይዘሽ ተመለሺ።" አባቶች ሁልጊዜ ዘግይተው ነው የሚያስጠነቅቁት።

ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል። እኛ ጴንጤ ነን፤ እነሱ ከአያት ከቅድመ አያት ኦርቶዶክስ። አንዱ ወደ ሌላው ካልዞረ ሠርግ የለም፤ የዞረ ደግሞ የወላጁን አንገት ያስደፋል። ቃለአብም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እኔና እሱ ስለ ሽቦ ብቻ እናወራ ነበር። ስለ ሽቦ ያን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ ግን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

የድሮው ሽቦ ከላዩ ጨርቅ የለበሰ ነው። ግማሹን አይጥ በልቶታል፤ የቀረውን ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረከሰ። ሁሉንም ነቅዬ ከአዲስ ዘረጋሁ። ከዲናሞው ወደ ሬጉሌተሩ፣ ከሬጉሌተሩ ወደ ባትሪው። ሬጉሌተር የዲናሞውን ኃይል እየመጠነ ለባትሪው የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ነው። የዚህኛው ክዳን ድሮ ስለጠፋ ሆዱ ወደ ሰማይ ክፍት ነበር። ቃለአብ አጠገቤ ተንበርክኮ ሽቦ ይይዝልኛል፤ ከላያችን የኮክ ቅጠል አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ፀጉሬ ላይ ያረፈውን ሊያነሳልኝ እጁን ይዘረጋና መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። እኔም ቅጠሉን ሳላራግፍ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን የባትሪውን ገመድ ሳጠብቅ "ገለበጥሽው መሰለኝ" አለኝ። "መኪና ላይ ከብረቱ ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቩ አይደል?"

"በዚህ ዘመን መኪና አዎ። ይሄ ግን ከድሮ ጀምሮ ፖዘቲቩ ነው የሚታሰረው።"

"ታዲያ የሠሩት ሰዎች ተሳስተው ነው?"

"አልተሳሳቱም። በእነሱም መንገድ ይበራል" አልኩት። ካልኩ በኋላ ስለ ትራክተር ብቻ እንዳልተናገርኩ ገባኝና ፊቴ ጋለ። እሱም ገባው መሰለኝ፣ ብዙ ጊዜ የማይነካውን ጎማ ማሻሸት ጀመረ።

በመጨረሻ ዲናሞውን መቀስቀስ ቀረን። ዲናሞ ብዙ ዘመን ሳይዞር ከቆየ መግነጢሱን ይረሳል፤ ቢዞርም ምንም አይሰጥም። ከባትሪው ሽቦ ተስቦ አንድ ጊዜ ለቅጽበት ሲነካ ግን መንገዱ ትዝ ይለዋል። ሽቦውን ለቃለአብ ሰጠሁትና እጁን በእጄ ይዤ ቦታውን አሳየሁት።

"ነካ አድርገህ ወዲያው አንሳ። ከቆየህ ይቃጠላል።"

ነካው። ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ሽቦውን አነሳ፤ እጄን ግን እኔም አላነሳሁም፣ እሱም አልለቀቀም።

"አሁን አስታወሰ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አስታወሰ።"

"ይህን ያህል ዓመት ረስቶ፣ በአንድ መነካት?"

ሽቦውን ከእጁ ወስጄ ጠቀለልኩት። ቤቴ ስደርስ ያ ብልጭታ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይታየኝ ነበር።

ያን ማምሻ፣ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት፣ ሞተሩን አስነስተን ነበር፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት ዓይኔን ከመብራቷ ሳላነሳ። በማግስቱ ጠዋት ሲሞክረው ግን መብራቱ በርቶ ቀረ። ብሄድ የሬጉሌተሩ ሆድ ረጥቧል፤ አዲሱ መዳብ አረንጓዴ መቋጠር ጀምሯል። ጤዛ ነው ብዬ አደረቅሁት፣ ጠራረግሁት፣ ስወጣ በላስቲክ ሸፈንኩት። በማግስቱ ላስቲኩ ተገልጦ፣ ሆዱ ደግሞ ረጥቦ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀንም ያው።

ማን ነው የሚገልጠው? ግቢው ውስጥ ያሉት እሱና እናቱ እማማ የሺዓለም ናቸው። እማማ ከሬጉሌተር ጋር ምን አላቸው? እሱ ነው እንጂ! እንድመጣለት ብሎ፣ እንዳይሄድ ብሎ፣ የሠራሁትን እያበላሸ ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሰማይና ምድር አገናኝ ነበር። እኔ ግን ከፒያሳ እስከ ቤቴ ብቻዬን እየሳቅሁ ሄድኩ። "መብራቷ ዛሬም አልጠፋችም" ብዬ ጻፍኩለት። "አውቃለሁ። ማዘን ነበረብኝ፤ ግን አላዘንኩም" ብሎ መለሰልኝ። ስልኩን ትራስ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዘው በማለዳ ሄድኩ። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ቃለአብ አልነበረም። እማማ የሺዓለም ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኪዳን መልስ፣ በእጃቸው የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ላስቲኩን ገለጡ። በስመ አብ ብለው ረጩ። እጄ የዋለበትን ሽቦ ረጩት፣ የያዝኩትን መሪ ረጩት፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር ረጩት። እኔ የነካሁትን አንድም አልዘለሉም።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት አንዲት ጓደኛዬ የጠጣሁበትን ጣሳ በሳሙና አጥባ ስትደፋ አይቻለሁ። "እማዬ ጴንጤ የጠጣበትን እጠቢ ብላኛለች" አለችኝ፤ ክፋትም አልነበራትም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ያው ልጅ ሆንኩ። ዞሬ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ቃለአብ ሲደውል "ሌላ ኤሌትሪሽያን ፈልግ" ብዬው ዘጋሁ። ያዘጋጀሁት ቀልድ ሁሉ አፌ ውስጥ መረረ።

ከሰዓት ሱቅ መጣ። አባዬ ከጓዳ አንድ ዲናሞ ፈቶ ይሠራል፤ ጆሮው ግን እኛ ጋ ነው።

"ምን አጠፋሁ?" አለኝ ቃለአብ።

"አንተ ምንም። እኔ የነካሁት የሚታጠብ ከሆነ ግን ባልነካው ይሻላል።"

"ማን አጠበው?"

"እናትህ። በጠበል። በዓይኔ አየሁ!"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እናቴ እንዲህ አታደርግም።"

"አየሁ እያልኩህ!"

"አይተሽ ይሆናል። ጠይቀሻታል?"

አልጠየቅኋቸውም ነበር። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትራክተሩ ካልወጣ በቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ይሸጥ። የአባቴ ነበር፣ ያመኛል፣ ግን ይሸጥ። አንቺ ይህን በልብሽ ይዘሽ ከምትቀሪ እሱ ቢቀር እመርጣለሁ።"

ከሄደ በኋላ ካቻቢቴዬን አንስቼ ምን ልፈታ እንደነበር ጠፋኝ። ስለ ሽቦ ብቻ የምናወራው ጊዜ አለፈ፤ ናፈቀኝም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ነጭ ነጠላ አየሁ። እማማ የሺዓለም ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው መጥተዋል። አባዬ ተነስቶ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

"ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም" አሉኝ። "ምን እንዳደረግሁሽ ንገሪኝ።"

"እማማ፣ እኔ የነካሁትን ሁሉ በጠበል ሲያጥቡ አየሁዎት።"

"አጠብኩት?" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "የሚታጠብ የቆሸሸ ነው፤ ምን ቆሽሾ ነው የማጥበው? ኃይለማርያም በዚያ ትራክተር ባትሪ እጁ ተቃጥሎ ጠባሳውን ይዞ ነው የሞተው። አንቺ ያንን ቀጭን እጅሽን እሽቦ መሐል ስትከቺ እኔ በመስኮት እያየሁ ነፍሴ ትወጣለች። እጅሽ የሚያርፍበትን ነው የምረጨው፣ የኔ እናት። ንዝረት እንዳይነካሽ።" እንባቸው መጣ። "ክርስትና ስምሽን አላውቅ፤ 'ያቺን የሽቦዋን ልጅ ጠብቅልኝ' እያልኩ ነው የምለምነው። መቼም እሱ ያውቅሻል።"

እኔ ማን ነኝ? ገርበብ ባለ በር አይቼ የፈረድኩ። ሄጄ አንገታቸው ሥር ገባሁ፤ ነጠላቸው ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባዬ ጓዳ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እጁ ንጹሕ ነበር፤ ዝም ብሎ ይጠርጋል። "እትዬ የሺዓለም" አለ በመጨረሻ፤ "እኔም ጠዋት ጠዋት የምጸልየው ለዚያችው እጅ ነው።"

ከዚያ አንድ ነገር መንገር እንዳለብኝ ትዝ አለኝ፤ እንዴት እንደምለውም ጨነቀኝ።

"እማማ፣ ያ የሚገልጡት ሳጥን ሆዱ እርጥበት አይወድም። መብራቷ እምቢ ያለችው ... እየረጠበ ነው።"

ገባቸው። "ውይ በሞትኩት! ልጄን ይህን ሁሉ ቀን ያስቀረሁት እኔ ነኝ?"

"አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እማማ የሺዓለም አዩኝ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ዲናሞው ተመለሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ቀለለኝ።

ያን ዕለት የሬጉሌተሩን ሆድ አጸዳሁና ከጎማ ቁራጭ ክዳን ቆርጬ አጥብቄ አሰርኩለት። ቃለአብ መሣሪያ ያቀብለኛል። ስለ ሽቦ እንኳን አላወራንም። ስጨርስ ፀጉሬ ላይ አንድ ቅጠል ነበር፤ በዚህ ጊዜ እጁ መንገድ ላይ አልተመለሰም።

ቅዳሜ ማለዳ ፒያሳ ጭጋግ ለብሳ ነበር። የግቢው ዕቃ በሸክም ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው የኮክ ዛፉና ትራክተሩ ነው። አባዬም መጣ። ሥራ ሲያልቅ በዓይኑ ማየት ልማዱ ነው። ቃለአብ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ቀዩ መብራት በራ፣ ደብዘዝ አለ፣ ጠፋ።

"ጠፋች" አለ።

"ጠፋች" አልኩ።

መሪውን እንደያዘ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "ሕብረት፣ ሲበላሽ ነው የመጣሽው። ሳይበላሽስ? በቾ ድረስ ... ሳይበላሽ ትመጫለሽ?"

አባዬን አየሁት። ከመሣሪያ ሳጥኔ አጠገብ ቆሟል። አንድ ቃል ብናገር በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው እሱ ነው። ሽቦ መላጥ ያስተማረኝ፣ ንዝረት እንዳይነካኝ ከእኔ ቀድሞ እየነካ ያሳየኝ አባቴ ነው። ቃለአብን እወደዋለሁ፤ አባዬንም እወደዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል።

እማማ የሺዓለም ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ። "ተከድኗል አይደል? አሁን ልርጭ?"

"ተከድኗል እማማ፤ እንደልብዎ ይርጩ።"

መሪውን ረጩ፣ ጎማዎቹን ረጩ፣ ልጃቸውን ረጩ። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን እጃቸው አየር ላይ ቆመ። አባዬን አዩት። አባዬ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ።

እግሬን ትራክተሩ ላይ አደረግሁ። ከኋላ ጎማው በላይ ካለው ጭቃ መከላከያ ላይ ወጥቼ ከቃለአብ ጎን ተቀመጥኩና ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ውሃው ግንባሬ ላይ፣ ጉንጬ ላይ ወረደ። ቀዝቃዛ ነበር። አባዬ ቀረብ ብሎ ከኪሱ መሐረብ አወጣና ዘረጋልኝ።

"ሕብረት" አለኝ። ስሜን ብቻ።

"አባዬ፣ ሳይበላሽም እሄዳለሁ" አልኩት።

መሐረቡን አልተቀበልኩትም። ለረጅም ጊዜ እንደዘረጋው ቆየ። ከዚያ የራሱን ዓይን ጠረገበት፣ አጠፈውና ኪሱ መለሰው። ጎንበስ ብሎ የመሣሪያ ሳጥኔን ዘጋና አነሳው።

"ይህን እኔ ይዤው እመለሳለሁ" አለ። ሳጥኑን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። "ዛሬ ቀልሏል።" ፈገግ ለማለት ሞከረና አቃተው። "እስከ አየር ጤና ሸኝተሽው በታክሲ ተመለሺ። ቀስ ብላችሁ ሂዱ።"

ቃለአብ ማርሽ አስገባ። ቅያሱን ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ እማማና አባዬ በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊቴ ላይ ያለውን ውሃ አልጠረግሁትም። አየር ጤና እስክንደርስ ነፋስ አደረቀው።